ለእንግድነት የሚሄድ ሰው ምን ይያዝ?

ሰው ወደ ዘመዶቹ አገር ሲሄድ ስንቁን ያሰናዳል፤ ልብሱን ያጥፋል፤ ስጦታውንም ይቋጥራል። ብልህ መንገደኛ ግን ዕቃውን በሁለት ሚዛን ይመዝናል። በመጀመሪያው ሚዛን፥ «ይህ ዕቃ ለእኔ ምን ይጠቅመኛል?» ይላል። በሁለተኛው ሚዛን፥ «ይህ ዕቃ በምሄድበት ቤት ላሉት ሰዎች ምን ያመጣባቸዋል?» ይላል። ሁለተኛውን ሚዛን የሚረሳ ሰው ብዙ ነው።

በባሕር ማዶ የሚኖር አንድ የይፋት ልጅ ነበረ። ይህ ወጣት ድሮን ነበረው። ድሮን ሰው ሳይቀመጥበት የሚበር መሣሪያ ነው፤ ባለቤቱ በምድር ቆሞ ያዘዋል። የወጣቱ ድሮን ትንሽ ነበረ፤ አራት የሚሽከረከሩ ክንፎችና አንድ ፎቶግራፍ ማንሻ ነበሩት። ሲበርም እንደ ንብ መንጋ ይጮኽ ነበር። ወጣቱ ባለፈው ዕረፍቱ በባሕር ዳርቻ አብርሮት ማዕበሉንና አሸዋውን ከላይ አንሥቶበት ነበርና እጅግ ይወደው ነበር። ለጥምቀት ወደ ሸዋ ሮቢት ወርዶ አያቱን ሊጠይቅ በተነሣ ጊዜ፥ «ድሮኑን ልያዘው ወይስ ልተወው?» ብሎ ያስብ ጀመር።

ድሮን በራሱ ክፉ ነገር አይደለም። በሩዋንዳ ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ ድሮኖች ለሩቅ ሐኪም ቤቶች ደም ያደርሳሉ። ይፋትም ከላይ ቢያዩት የሚያምር አገር ነው። ከደጋው ግርጌ ተነሥቶ ወደ አፋር ምድር የሚዘረጋው ቆላ ማሽላና ማሾ፥ ሽንኩርትና ቲማቲም ያበቅላል። አማራው፥ አርጎባው፥ ኦሮሞውና አፋሩም በገበያ ይገናኛሉ። ወጣቱ ይህን ሁሉ ከሰማይ አንሥቶ ለጓደኞቹ ለማሳየት ተመኘ።

ደግሞም እንቅፋቶቹን ቈጠረ። ወደ ኢትዮጵያ ድሮን ለማስገባት አስቀድሞ ከመንግሥት ፈቃድ ማግኘት ያስፈልጋል፤ ፈቃድ የሌለው ሰው ዕቃው በጉምሩክ ይያዝበታል። የድሮን ባትሪ ብርቱ ሙቀት ይጎዳዋል፤ ሸዋ ሮቢትም ሞቃት ቆላ ነው። ግመልና ከብትም በጩኸቱ ይደነብራሉ። ወጣቱ ግን ለሁሉም መልስ አገኘ። «ፈቃዱን እጠይቃለሁ፤ ባትሪውን በጥላ አኖራለሁ፤ ከከብትም እርቃለሁ» አለ።

ከዚህ በኋላ በስልክ አጎቱን፥ «ድሮኔን ይዤ ልመጣ አስቤአለሁ፤ ምን ይመስልዎታል?» ብሎ ጠየቃቸው።

አጎቱ ጥቂት ዝም አሉ። ኋላም እንዲህ አሉት፤ «ልጄ፥ ቤቱ ቤትህ ነው፤ የወደድኸውን ይዘህ ና። ነገር ግን አያትህ ከሰማይ የሚያጉረመርም ድምፅ በሰሙ ጊዜ ልጆቹን ከደጅ ሰብስበው በሩን ይዘጋሉ። ማማ ላይ ወጥቶ ማሽላውን ከግሪሳ ወፍ የሚጠብቀው ልጅም ወንጭፉን ጥሎ ይወርዳል። ያንተ ድሮን ለፎቶግራፍ እንደ ሆነ እኔ አውቃለሁ፤ ከታች ሆኖ የሚሰማው ሰው ግን በምን ያውቃል?»

ይህ ፍርሃት ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። በኅዳር ወር 2014 ዓ.ም. ጦርነት እስከ ሸዋ ሮቢት ደርሶ ነበር፤ ሰውም ቤቱን ጥሎ ሸሽቷል። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻም በአማራ ክልል ሌላ ውጊያ ተነሣ። በኅዳር 2016 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብት ቢሮ በክልሉ በድሮን ጥቃት ሰዎች እንደ ሞቱ አስታወቀ። የጦርነት ድሮን ትልቅ ነው፤ የወጣቱ ግን በእጅ ይያዛል። ቢሆንም በቤቱ ውስጥ ተቀምጦ ድምፅ ብቻ የሚሰማ ሰው ትልቁን ከትንሹ አይለይም።

ወጣቱ የአጎቱን ቃል ደጋግሞ አሰበው። አጎቱ «አታምጣ» አላሉትም፤ ባለቤት እንግዳውን መከልከል ይሉኝታ ይይዘዋልና። ስለዚህ እንግዳው ያልተነገረውን መስማት አለበት። በመጨረሻም ወጣቱ፥ «ለማብረር ፈቃድ መሥሪያ ቤት ይሰጠኝ ይሆናል፤ ከአያቴ ልብ የወሰድሁትን ዕረፍት ግን ማን ይመልስልኛል?» ብሎ ድሮኑን በሣጥን ቈልፎ ተወው። በእርሱም ፈንታ ለአያቱ መነጽርና ነጠላ ያዘ።

ከአዲስ አበባም ተነሥቶ ደብረ ብርሃንን አልፎ ጣርማ በር ደረሰ። ጣልያን በወረራው ዘመን ያሠራውን ዋሻ ካለፈ በኋላ መኪናው በገደሉ አፋፍ ጥቂት ቆመ። ያ ስፍራ ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ነው፤ ሸዋ ሮቢት ግን 1,300 ሜትር ያህል ብቻ ናት። ወጣቱ ቁልቁል ቢመለከት መንገዱ እንደ ገመድ ሲጠማዘዝ፥ ቆላውም እስከ ዓይን ማለቂያ ተዘርግቶ አየ። ከሰማይ ሊያየው የተመኘው አገር ይህ ነበረ፤ በዚያም ጊዜ ማንም አልደነገጠም።

ማታ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ የአያቱ በር ክፍት ነበረ፤ ልጆቹም በደጅ ይጫወቱ ነበር።

እንግዲህ ልጆች ሆይ፥ ወደ ሰው ቤት ስትሄዱ የምትይዙት ዕቃ ለእናንተ ደስታ መሆኑን ብቻ አትመልከቱ። በዚያ ቤት ያለው ሰው ምን እንዳየና ምን እንደሚያስፈራው አስቀድማችሁ ጠይቁ። አንዳንድ ጊዜ ለዘመድ የሚሰጥ መልካም ስጦታ በቤት ትተውት የሚሄዱት ነገር ነው።