ዶክተር ሪፍዓትን እንደገና

ሰሞኑን «ማ ወራአ አል-ጠቢዓ» የተባለውን የግብፅ ድራማ ደግሜ አየሁት፤ 6ቱንም ክፍል። ኔትፍሊክስ በ2020 እ.ኤ.አ. ሲያወጣው ካርቱም፣ ዴም ሰፈር ነበርን፤ መብራት ሲመጣ ሐበሻውም ሱዳኒውም ተሰብስቦ ያይ ነበር። በኋላ የመጣው የሱዳን ጦርነት ሁላችንንም በተነን።

ያኔ ያስደነገጠችኝ የኸድራዊ ቤቷ መንፈስ ሺራዝ ነበረች። አሁን ግን ዓይኔ ከዋናው ገጸ ባሕርይ ከዶክተር ሪፍዓት አልነቀል አለ። ከሲታ የደም ሐኪም ነው፤ ሲጋራው ከጣቱ አይለይም፤ በጂን አላምንም ይላል፤ ሰው ሲጨነቅ ግን እየፈራም ቢሆን ይሄዳል። አሕመድ አሚን እንዴት አድርጎ ነው የተጫወተው! ፍርሃቱን በትከሻው ያሳያል።

ደራሲው አሕመድ ኻሊድ ተውፊቅ ራሱም የጣንጣ ሐኪም ነበር። ከ1993 ጀምሮ ሪፍዓትን በተከታታይ መጻሕፍት ሲጽፈው ኖሮ፣ በ2018 ስላረፈ ድራማውን ሳያይ ቀረ። ይህ ከልብ ያሳዝነኛል። ካላያችሁት እዩት፤ ያያችሁትም ድገሙት።