ዘመን ያለፈበትና ዘመን ያልሻረው

አንድ የጥበብ ሥራ በተፈጠረበት ዘመን ለሕዝብ ሲቀርብ ሐያሲው የሚያነሣቸው ጥያቄዎች የታወቁ ናቸው። ሥራው ምን ሊል ፈለገ? ሊል የፈለገውንስ በምን ስልት አለው? ይኸው ሥራ ሃያና ሃያ አምስት ዓመት ያህል ቆይቶ እንደገና ሲወጣ ግን ሚዛኑ ይናወጣል። ሐያሲው የሚመዝነው ያን ጊዜ የተሠራውን ሥራ ነው ወይስ ዛሬ እጁ የገባውን ዕቃ? የሚያየው ጉድለትስ የሠሪው ድክመት ነው ወይስ የዘመኑ መሣሪያ የጣለበት ገደብ? እነዚህን ለይቶ ያላስቀመጠ ሂስ ምስጋናውም ሆነ ወቀሳው ባለቤት የለውም።

ይህን ጥያቄ አጉልቶ ያሳየ አጋጣሚ በ2019 ታይቷል (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ስኩዌር ኢኒክስ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በ1991፣ በ1993 እና በ1995 የወጡ ሦስት የቪዲዮ ጨዋታዎችን በአንድነት ጠርዞ፣ «የማና ስብስብ» በሚል ስም፣ ኒንቴንዶ ስዊች ለተባለው መጫወቻ ከጃፓን ውጭ አቀረበ። ለጃፓናውያን ስብስቡ የደረሳቸው ሁለት ዓመት ቀድሞ፣ በ2017 ነበር።

ለዘርፉ እንግዳ የሆነ አንባቢ ይህ ከኪነ ጥበብ ጋር ምን ያገናኘዋል ይል ይሆናል። ሚና የመጫወት ጨዋታ የሚባለው ግን ከተውኔት የራቀ አይደለም። ገጸ ባሕርይ አለው፤ ሴራ፣ መቼት፣ ምልልስና ሙዚቃም አለው። ልዩነቱ ተመልካቹ ከወንበሩ ተነሥቶ መድረክ ላይ መውጣቱና የአንዱን ገጸ ባሕርይ ሚና ራሱ መያዙ ነው። በኮይቺ ኢሺ ጠንሳሽነት የተጀመሩት እነዚህ ሥራዎች በጃፓን የታወቁት «ሴይኬን ዴንሴትሱ»፣ ማለትም «የቅዱስ ሰይፍ አፈ ታሪክ» በሚል ስም ነው። የሕይወት ኃይል ምንጭ የሆነው የማና ዛፍ፣ ከእርሱም ጋር የተሳሰረው ሰይፍ፣ በሦስቱም ውስጥ ይገኛሉ።

የ2019ኙ ሂስ አጠቃላይ ዝንባሌ ምስጋና ነበር። ይሁን እንጂ ሐያስያኑ ሦስቱን በአንድ ዓይን አላዩአቸውም። የመጀመሪያው ሥራ የተሠራው በእጅ ለሚያዘው ጌም ቦይ ነው። የዚህ መሣሪያ መስኮት 160 በ144 ነጥብ ብቻ የነበረው ሲሆን፣ ቀለም ስለሌለው ምስሉን የሚያሳየው በአራት የጥላ ደረጃዎች ነበር። ብዙዎቹ ሐያስያን ይህን ሥራ በአክብሮት ተመልክተው፣ የታሪክ ማስረጃ ነው ብለው አለፉት። ይህ አክብሮት ግን ከመርሳት ብዙም አይርቅም። በዚያች ጠባብ መስኮት ውስጥ መሥዋዕትነትንና መለየትን ያህል ነገር ለማሳየት የተደፈረበት ድፍረት ከሙዚየም መስታወት በስተጀርባ ሊቀመጥ የሚገባው አልነበረም።

ሁለተኛው፣ «የማና ምሥጢር»፣ ሦስት ሰዎች በአንድ ላይ ሊጫወቱት የሚችሉት ነው። የሂሮኪ ኪኩታ ሙዚቃ ዛሬም ትኩስ መሆኑን ሐያስያኑ መስክረውለታል። በሌላ በኩል ታሪኩ ስስ ነው፣ አንዳንዱ ክፍልም የተዘለለ ይመስላል ሲሉ ተችተዋል። ትችቱ ስሕተት የለበትም፤ ምክንያቱ ግን ሊታወቅ ይገባል። ይህ ሥራ መጀመሪያ የታሰበው በኮምፓክት ዲስክ እንዲወጣ ነበር። ዲስኩን የሚያጫውተው መሣሪያ ለገበያ ሳይበቃ በመቅረቱ ግን ተቆርጦና ተጨምቆ ወደ ካሴት እንዲገባ ተደረገ። እንግሊዝኛው ትርጉምም በ30 ቀን ያህል ጥድፊያ ተሠርቶ በጠባብ ቦታ ውስጥ ተጠቅጥቋል። ከአንድ ተውኔት ላይ ሁለት ትዕይንት ተቀንሶ ቢታይ፣ ደራሲው ሴራ ማዋቀር አያውቅም ብሎ መፍረድ ተገቢ ነውን? ጉድለቱ ጉድለት ነው፤ ባለዕዳው ግን ሌላ ነው።

የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ያለው በሦስተኛው ሥራ ላይ ነው። በ1995 በጃፓን ሲወጣ ከሱፐር ፋሚኮም እጅግ ውብ ሥራዎች አንዱ ሊባል የሚበቃ ነበር። ነገር ግን ሥራው በሌላ ቋንቋ ሳይወጣ ቀረ። በ2000 የጨዋታው ወዳጆች የሆኑ ሰዎች ያለ ደመወዝ፣ በገዛ ጊዜያቸው፣ ወደ እንግሊዝኛ መለሱት። ድካማቸው ቃላት መመለስ ብቻ አልነበረም። ጃፓንኛ በጥቂት ፊደላት የሚገልጸውን እንግሊዝኛ ብዙ ፊደል ስለሚፈጅበት የፕሮግራሙን ውስጣዊ አሠራር ጭምር መፍታት ነበረባቸው። ለ19 ዓመት ያህል ከጃፓን ውጭ ይህን ሥራ የሚያውቅ ሰው ያወቀው በአብዛኛው በእነርሱ ትርጉም ነው። በ2019 «የማና ፈተናዎች» ተብሎ፣ እንደ አዲስ በተሠራ ትርጉም፣ በይፋ ሲወጣ 24 ዓመት አልፎት ነበር። የቆየ ከሚስቱ ይወልዳል እንዲሉ፣ ብዙ ሐያስያን የስብስቡ ዋና ምክንያት ይኸው ነው አሉ።

እዚህ ላይ የሂሱ ብርታትም ድካምም ይታያል። ብርታቱ አቅርቦቱን ከሥራው ለይቶ መናገሩ ነው። ሙዚቃውን ለብቻ ማድመጫና በተፈለገ ጊዜ ጨዋታውን ማቆያ ከመጨመሩ በቀር፣ ስብስቡ የሥራዎቹን ታሪክ የሚያስረዳ ረቂቅ፣ ሥዕልም ሆነ ማስታወሻ አልያዘም። ዋጋው ደግሞ 40 ዶላር ያህል ነበር። ይህ ለቅርስ የማይበቃ አያያዝ ነው ያሉ ሐያስያን ልክ ነበሩ። ድካሙ ግን ሁሉን ነገር በስተመጨረሻ ወደ አንድ ቁጥር፣ «ከአሥር ይህን ያህል» ወደሚል ማርክ ማጠቃለሉ ነው። መምህር የተማሪን ወረቀት ሲያርም የሚያርመው አንድ ወረቀት ነው። እዚህ ግን የሠሪዎቹ ጥበብ፣ የተርጓሚው ድካምና የአሳታሚው ትጋት፣ ማለትም ሦስት የተለያዩ ወረቀቶች፣ በአንድ ማርክ ታረሙ።

አንዳንዱ ደግሞ አሮጌን ሥራ ማክበር ማለት አለመንካት ነው ይላል። ለዚህ ማስረጃ የሚሆን አልጠፋም። በ2018 «የማና ምሥጢር» በአዲስ መልክ ተሠርቶ ሲወጣ የምስሉ ድርቀትና የሙዚቃው አዲስ ቅንብር ብዙ ወቀሳ አስከትሏል፤ ያልተነካው የ1993 ሥራም ከታደሰው ይልቅ ተወደደ። ሆኖም በ2020 «የማና ፈተናዎች» እንዲሁ በአዲስ መልክ ሲሠራ የተሻለ አቀባበል አገኘ። ስለዚህ ጥያቄው መንካት አለመንካት አይደለም። የሚነካው ሰው የሥራውን ልብ ያውቀዋል ወይ ነው። አሮጌ ቤት የሚያድስ አናጢ የትኛው ምሰሶ ጣራውን እንደተሸከመ፣ የትኛውም ለጌጥ እንደቆመ ሳይለይ መጥረቢያውን አያነሣም።

ይህ ሁሉ ክርክር ሊካሄድ የቻለው ግን ሥራው በእጅ ስለተገኘና በሚነበብ ቋንቋ ስለቀረበ ነው። 24 ዓመት ሙሉ ስለ ሦስተኛው ሥራ ጃፓንኛ የማያውቅ ሐያሲ ቢጽፍ፣ የሚጽፈው ከወሬ ወይም ከወዳጆች ትርጉም ነበር። ያልተተረጎመ ሥራ አይመሰገንም፤ ከዚያም የከፋው፣ አይተችም። ትችት ደግሞ ለጥበብ ሥራ ከክብር ሁሉ የሚበልጥ ክብር ነው፤ አንድን ሥራ በሕያዋን መካከል የሚያቆየው እርሱ ነውና።

ትችት ግን ራሱን ማወቅ አለበት። በ«የማና ፈተናዎች» ተጫዋቹ ከስድስት ገጸ ባሕርያት ሦስቱን ይመርጣል፤ 20 ዓይነት ቡድን ሊመሠረት ይችላል ማለት ነው። ዋና አድርጎ በሚመርጠው ገጸ ባሕርይ መሠረት ከሦስት ጠላቶች አንዱ ብቻ መጨረሻ ላይ ይገጥመዋል። ጽሑፉን በቁርጥ ቀን የሚያስረክብ ሐያሲ አንድ ጊዜ ተጫውቶ ቢጨርስ ሁለቱን መጨረሻዎች አላያቸውም። ሥራውን ከሃምሳ ዓመት በኋላ የሚያገኘው አንባቢ ከማርኩ ይልቅ የሚጠቅመው፣ ሐያሲው በየትኛው በር ገብቶ ምን እንዳየ፣ ምንንም ሳያይ እንደወጣ የጻፈለት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው።