ዘግይቶ የወጣ የግሬድ ሪፖርት

ጽሑፌ ስለ ኳስ ነው። ኳስ የማትወዱ ገጹን ከመግለጣችሁ በፊት ግን ትንሽ ታገሱኝ፤ ነገሩ ስለ ግሬድም ስለሆነ እናንተንም ሳይነካ አይቀርም። (ዓመቱን በፈረንጆች የምጽፈው ሊጉ የነሱ ስለሆነ ብቻ ነው። የኛውን ስጠቀም እናገራለሁ።)

አሜሪካኖች የራሳቸው «ፉትቦል» አላቸው፤ ሄልሜት አጥልቀው እንደ ሙክት የሚጋጩበትን ማለቴ ነው። በሊጋቸው ያሉት 32 ቡድኖች በየዓመቱ ሚያዝያ ላይ ከኮሌጅ የሚወጡትን ተጫዋቾች በስም እየጠሩ ይከፋፈላሉ። «ድራፍት» ይሉታል። ሕጉ ደስ ይላል፤ ባለፈው ዓመት መጨረሻ የወጣው ቡድን መጀመሪያ ይመርጣል፣ ሻምፒዮኑ ተራውን ይጠብቃል፣ እንዲህ እያለ ሰባት ዙር ይሄዳል። ምርጫው ባለቀ ማግስት ታዲያ የስፖርት ጋዜጠኞቹ ለየቡድኑ ግሬድ ይለጥፋሉ። ይሄ ኤ፣ ያ ሲ ማይነስ። ልብ በሉ፣ ከተመረጡት ውስጥ አንዱም ለአዲሱ ቡድኑ አንዲት ደቂቃ አልተጫወተም! በ2000 ቶም ብሬዲ የተባለ ልጅ የተጠራው 199ኛ ላይ ነበር። በሱ ቦታ የሚጫወቱ ስድስት ሰዎች ቀድመውታል። ይሄው ሰው ከኳስ ሲሰናበት ሰባት ጊዜ ሻምፒዮን ሆኖ ነበር።

በእኛ ኳስ ድራፍት የለም። መራጩ ገንዘብ ነው፤ ቀድሞ የሚያነሳውም መጨረሻ የወጣው ሳይሆን ኪሱ የከበደው ነው። ግሬድ አሰጣጡ ግን ያው ነው። ተጫዋቹ ማሊያ ይዞ ፎቶ በተነሳ በግማሽ ሰዓት ውስጥ በየኤፍ ኤሙ፣ በየዲኤስቲቪ ቤቱና በየዶርሙ ፍርዱ ይወርዳል፤ «የዓመቱ ምርጥ ግዢ»፣ «ገንዘብ መበተን»፣ «ይሄ ደግሞ ከየት መጣ?»

እኔ የአርሰናል ደጋፊ ነኝ። (ሳቁ፣ ለምዶብኛል።) ዛሬ ግሬድ ላወጣ የተነሳሁት ክለቤ በ2021 ክረምት ላስፈረማቸው ስድስት ተጫዋቾች ነው። ለምን እነሱ? አንደኛ፣ እኔ ኳስ ማየት ከጀመርኩ ወዲህ እንደዚያ የተሳቀበት የዝውውር ክረምት አላስታውስም። ሁለተኛ፣ ከአራት ዓመት በላይ ስላለፈ ከሞላ ጎደል የሁሉም ሒሳብ ተዘግቷል።

ጊዜውን ላስታውሳችሁ። አርሰናል ሁለት ዓመት ተከታትሎ 8ኛ ወጥቷል። ከ25 ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የአውሮፓ ውድድር አልነበረውም። በዚያ ክረምት ወደ 150 ሚሊዮን ፓውንድ አውጥቶ ቤን ዋይትን፣ ማርቲን ኦዴጋርድን፣ አሮን ራምስዴልን፣ ታኬሂሮ ቶሚያሱን፣ አልበርት ሳምቢ ሎኮንጋንና ኑኖ ታቫሬዝን ገዛ። አንዳቸውም 24 ዓመት አልሞላቸውም። ሰው ሁሉ የጠበቀው ባለ ስም ተጫዋች ነበርና «መዋዕለ ሕፃናት ከፈቱ» ተባለ።

ያኔ ሃይስኩል ነበርኩ። ታላቅ ወንድሜ የማንቼ ደጋፊ ነው፤ ለስድስቱም በአንድ ቀን ኤፍ ሰጥቶ ጨረሰ። እኔ በፊዚክስ ደብተሬ የኋላ ገጽ ላይ ስማቸውን፣ ዕድሜያቸውንና ዋጋቸውን ጻፍኩና የግሬዱን ቦታ ባዶ ተውኩት። ጠቢብ ሆኜ አይደለም። በክርክር ወንድሜን አልችለውም፣ ጊዜ መግዛት ነበረብኝ።

ከዚያ ሊጉ ተጀመረ። ገና ከታች ያደገው ብሬንትፎርድ 2 ለ 0 አሸነፈን። በኛ አቆጣጠር ነሐሴ 7 ቀን 2013 ዓ.ም. ነበር፣ በፍልሰታ ጾም። ነሐሴ 16 ሰው ሁሉ ጾሙን ፈታ፣ አርሰናል ግን በቼልሲ 2 ለ 0 ተሸንፎ ጾሙን ቀጠለ። ቀጥሎ ማንቸስተር ሲቲ አምስት አገባብን። ሦስት ጨዋታ፣ ዜሮ ጎል፣ 20ኛ ደረጃ። የመጀመሪያዋ የሊግ ጎላችን የመጣችው መቼ መሰላችሁ? መስከረም 1 ቀን 2014፣ በእንቁጣጣሽ፣ ኖርዊች ላይ፣ በኦባሜያንግ እግር። በዚያ ቀን ራምስዴልና ቶሚያሱ የመጀመሪያ የሊግ ጨዋታቸውን አደረጉ።

ወደ ግሬዱ እንግባ። ኦዴጋርድ ኤ፣ ብዙ ማብራሪያ አያሻውም። በ2022 አምበል ሆነ፣ በቀጣዩ የውድድር ዘመን በሊጉ 15 ጎል አገባ። ይሄ ልጅ ገና በ16 ዓመቱ ሪያል ማድሪድ ሲገባ ዓለም ሁሉ ኤ ፕላስ ሰጥቶት ነበር፤ ከዚያ በየክለቡ በውሰት ሲዞር ያው ዓለም ግሬዱን ቀደደበት። አርሰናል የገዛው ሁለቱም ፍርድ ከተሰጠበት በኋላ ነው።

ዋይት ኤ ማይነስ። «50 ሚሊዮን ለተከላካይ!» የተባለለት ነው። በ2019/20 በሊድስ 46ቱንም የሊግ ጨዋታ ተሰልፎ እንደነበር ግን የሚያነሳ አልነበረም፣ ቁጥሩ ማንም የሚያገኘው ሆኖ ሳለ። መሐል ተከላካይ ሆኖ መጣ፣ በ2022 ቦታውን ለሌላ ለቆ ወደ ቀኝ መስመር ሄደ፣ እዚያም ከሊጉ ጥሩዎቹ አንዱ ሆነ። ማይነሱ ስለ ጉልበቱ ነው፤ በ2024 መጨረሻ ቀዶ ሕክምና ካደረገ ወዲህ እንደ ድሮው አልቆየም።

ቶሚያሱ፣ ኢንኮምፕሊት። በሁለቱም እግሩ እኩል የሚጫወት፣ የታዘዘበት ቦታ ሁሉ የሚቆም ልጅ ነበር። ጉዳት አላስቀምጥ አለው። በ2024/25 ለጥቂት ደቂቃ አንድ ጨዋታ ብቻ ተሰለፈ፣ በ2025 ክረምት ውሉ ፈረሰ። በሕመም ፈተና ላልተፈተነ ልጅ ኤፍ አይሰጥም።

የራምስዴል ጉዳይ ግን ይከብደኛል። በ2020 ከቦርንማውዝ ጋር፣ በ2021 ከሼፊልድ ዩናይትድ ጋር ከሊጉ የወረደ በረኛ ነው። ወንድሜ «ለመውረድ ልምድ ያለው ሰው ገዛችሁ» ብሎ እስኪበቃው ሳቀ። ያ በረኛ ጥቅምት ላይ በሌስተር ሜዳ የማዲሰንን ቅጣት ምት ከጥጉ ፈልቅቆ አወጣ፤ ያንን ያየ ሰው የሚረሳው አይመስለኝም። በ2022/23 38ቱንም የሊግ ጨዋታ ቆመ፣ ቡድኑ አብዛኛውን የውድድር ዘመን አንደኛ ሆኖ ቆይቶ 2ኛ ወጣ። ግንቦት 2023 ላይ አዲስ ውል ፈረመ። መስከረም ላይ ከብሬንትፎርድ በመጣው ዳቪድ ራያ ተተክቶ ተቀያሪ ወንበር ላይ ነበር!

ምን አጠፋ? እኔ እስከማየው ምንም። ሲመጣ የተጠየቀውን ሁሉ ሠርቷል። በሁለት ዓመት ውስጥ ግን ክለቡ አደገና ማለፊያው ነጥብ ከፍ አለ። በእግሩ ኳስ የሚያረጋጋ፣ ክሮስ ሲመጣ የማይደነግጥ ሌላ ሰው ተፈለገ። በከርቭ የተያዘ ኮርስ የወሰደ ተማሪ ይገባዋል፤ 78 አምጥተህ ክፍሉ ሁሉ 85 ካመጣ 78ህ የት እንደምትገባ አታውቅም። ራምስዴል በ2024 ለሳውዝሃምፕተን ተሸጠ፣ በ2025 ከነሱም ጋር ወረደ፣ ወንድሜም ደውሎ ነገረኝ። እኔ ቢ ፕላስ ሰጥቼዋለሁ። ከ8ኛ ወደ 2ኛ ያደረሰህን መኪና ስለቀየርከው ብቻ መጥፎ መኪና ነበር አትለውም።

ሎኮንጋ ሲ። ጥሩ ልጅ፣ ኳስ ያውቃል፣ ለሊጉ ፍጥነት ግን አልደረሰም፤ በውሰት ከክለብ ክለብ ዞሮ ሄደ።

ታቫሬዝን እንዴት ላድርገው? በጥር 2022 በኖቲንግሃም ፎረስት ሜዳ 34ኛው ደቂቃ ላይ ተቀይሮ ሲወጣ ጓንቱን አውልቆ ወረወረ። በዚያው ዓመት ማንቸስተር ዩናይትድ ላይ ገና ጨዋታው ሲጀመር ጎል አገባ፤ ወንድሜ ያን ቀን አልደወለም። ከዚያ ማርሴይ፣ ፎረስት፣ ሁሉም በውሰት። ተጨርሷል ሲባል በ2024 መኸር ጣሊያን ሄዶ በላዚዮ ጎል የሚሆኑ ኳሶችን በማቀበል ከሊጉ ፊት ተሰለፈ። ያው እግር፣ ያው ፍጥነት፣ ያው ልጅ ነው። የተቀየረው ከኋላው የሚሸፍኑለት ሰዎችና የሚጠየቀው ሥራ ነው። ስለዚህ ዲ ጽፌያለሁ፣ ግን ለልጁ አይደለም፤ የማይመቸው ቦታ ላመጡት ገዢዎች ነው።

ከዚህ የገባኝ፣ የፈረመ ዕለት የሚሰጥ ግሬድ የተጫዋቹ ሳይሆን የዋጋውና የስሙ ግሬድ መሆኑ ነው። የ2019 ክረምትን አስታውሱ። አርሰናል ኒኮላ ፔፔን ከሊል በ72 ሚሊዮን ፓውንድ ገዛ፣ የክለቡ ሪከርድ ነበር። በፈረንሳይ ሊግ 22 ጎል ያገባ ሰው ስለሆነ የተደሰተ ደጋፊ ሞኝ አይባልም። በዚያው ክረምት ዊሊያም ሳሊባ የሚባል የ18 ዓመት ልጅ ከሴንት ኤቲየን በ27 ሚሊዮን ተገዝቶ ወዲያው ወደመጣበት ተመለሰ። ሦስት ዓመት በውሰት ሲንከራተት «ተረስቷል» ተባለ። የመጀመሪያ ጨዋታውን ያደረገው ነሐሴ 2022 ነው። ዋይት መሐሉን የለቀቀለት ሰው እሱ ነው። ፔፔ በ2023 ውሉን አፍርሶ በነፃ ሄደ።

የኛም ሰው አለበት። ጌዲዮን ዘላለምን የማያውቅ የአርሰናል ደጋፊ እዚህ አገር አለ? ከኢትዮጵያውያን ቤተሰብ በርሊን ተወልዶ አሜሪካ ያደገ፣ በ2013 አርሰናል የገባ። በጥር 2014 በኤፍ ኤ ዋንጫ ከኮቬንትሪ ጋር ተቀይሮ ሲገባ 17 ዓመት ሊሞላው ሁለት ቀን ይቀረው ነበር። እኛ ከዚያ በፊት ቀጣዩ ፋብሪጋስ ብለን ጨርሰናል። በሬንጀርስ በውሰት ሠራ፣ በ2017 ጉልበቱን ተጎዳ፣ በ2019 ለአርሰናል አንድም የሊግ ጨዋታ ሳይሰለፍ ወደ አሜሪካ ተመለሰ። ዛሬ ስሙ ሲነሳ «ከሸፈ» የሚሉ አሉ። በ16 ዓመት ዕድሜ ለአርሰናል ዋናው ቡድን መሰለፍ ከሽፎ ማለት ከሆነ፣ እኔ መክሸፍ እፈልጋለሁ።

አሁን ወደ ራሳችን ልምጣ፣ መምህራን ይቅርታ ይደረግልኝ። ፍሬሽማን ጨርሰን ዲፓርትመንት የሞላን ጊዜ ጋዜጠኝነትን 1ኛ ያደረግን ስንቶቻችን ነን? እኔ 4ኛ ላይ ነበር የጻፍኩት። የምደባው ዝርዝር በተለጠፈ ቀን አንድ የሌላ ዲፓርትመንት ልጅ «እናንተ የተራረፋችሁት ናችሁ» አለን፣ ሳቅን፣ ምን እንበል። ያም ድራፍት ነበር። አብሮኝ የተመደበ የዶርሜ ልጅ ነጥቡ አልሞላለትም፤ በእንግሊዝኛ የሚጻፉት ኮርሶች ጣሉት፣ ሻንጣውን አሰረ። አሁን በትውልድ ከተማው የማኅበረሰብ ሬዲዮ ላይ የከተማውን ክለብ ጨዋታ ያስተላልፋል። ቀድቶ ልኮልኝ ሰማሁት። ሜዳው ላይ ያለውን ጭቃ ሳይቀር ያሳይሃል። እዚህ ካለነው ውስጥ እንደሱ የሚችል ገና አላየሁም፤ እኔንም ጨምሮ።

ወደፊት የስፖርት ጋዜጠኛ መሆን እፈልጋለሁ። ታዲያ ተጫዋች የፈረመ ዕለት ምን ልጽፍ ነው ብዬ ብዙ አስቤያለሁ። የሚጻፍ ሞልቷል፤ ዕድሜው፣ ባለፉት ሁለት ዓመታት ስንት ደቂቃ እንደተሰለፈ፣ ምን ያህል ጊዜ እንደተጎዳ፣ ቡድኑ ውስጥ የማንን ቦታ ሊወስድ እንደመጣ፣ የቀድሞ አሰልጣኙ በምን ቦታ እንዳሰለፈው። የዋይትን 46 ጨዋታ የጻፈ ሰው በዚያ ክረምት ለአንባቢው ከግሬድ የበለጠ ነገር ሰጥቷል። አድማጭ ፍርድ ይፈልጋል የሚሉ አሉ። ይፈልጋል፤ ወንድሜ ከሁሉ በላይ ይፈልጋል። ግን እሱ ጋዜጠኛ አይደለም፣ ደመወዝም አይከፈለውም።

በ2025 ክረምት አርሰናል ስምንት ሰው አመጣ፤ ዙቢሜንዲ፣ ዮኬሬሽ፣ ኤዜ፣ ማዱዌኬ፣ ኖርጋርድ፣ ሞስኬራ፣ ኬፓ፣ በውሰት ደግሞ ሂንካፒዬ። አዲስ ደብተር ገዝቼ ጽፌያቸዋለሁ፣ ዕድሜያቸውና ዋጋቸው ከጎናቸው አለ። የዶርሜ ልጆች ግሬዱን አሁኑኑ ካላየን ብለው ሲነተርኩኝ በ2028 ኑ እላቸዋለሁ። ወንድሜ እንደ ልማዱ ስምንቱንም በስልክ ጨርሷቸዋል።