ከሚኒሶታ ካናዳ፣ ከአዲስ አበባ አምበር

የአጎቴ ልጅ ሚኒሶታ ከገባ ዓመታት አልፈዋል። ከባድ መኪና ይነዳል፤ ዜግነቱንም ወስዷል። የእነሱ ክረምት በገባ ቁጥር ደግሞ ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር በበረዶ ሞተር ረጅም መንገድ መሄድ ለምዷል። ስኖሞቢል ነው የሚሉት። ከፊት በጎማ ፋንታ ሁለት መንሸራተቻ፣ ከኋላ እንደ ዶዘር ሰንሰለት የሚሽከረከር የላስቲክ ቀበቶ ያለው ሞተር ሳይክል ብላችሁ አስቡት። አምበር ተወልዶ ላደገ ሰው በረዶ ማለት የደረሰ ሰብል የሚያወድም መቅሰፍት ነው። እሱ አሁን ይጋልብበታል።

በቀደም የሚቀጥለውን ጉዞውን ዕቅድ በቴሌግራም ላከልኝ። ሁለት ገጽ ነው። ድንበር ተሻግሮ ካናዳ ገብቶ የሚመለስበት የአራት ቀን ጉዞ፣ በድምሩ 700 ኪሎ ሜትር ገደማ። ከጉዞው ይልቅ የዕቅዱ አጻጻፍ ስለገረመኝ ትንሽ ላውራላችሁ።

መነሻቸው ኢንተርናሽናል ፎልስ የምትባል የጠረፍ ከተማ ናት። ከወንዙ ማዶ ፎርት ፍራንሲስ አለች፤ እሷ ካናዳ ነች። አጠገባቸው ሬይኒ የሚባል ሐይቅ አለ፤ የሁለቱ አገሮች ድንበር መሐሉን ሰንጥቆት ያልፋል። በክረምት ሐይቁ ሲጋገር መንገድ ይሆናል። ዕቅዱ ላይ መጀመሪያ የተጻፈው የነዳጅ ነገር ነው። አንድ ሙሌት 150፣ ቢበዛ 200 ኪሎ ሜትር ስለሚወስድ፣ በየቀኑ የት እንደሚቀዱ በስም ተቀምጧል። ቀጥሎ የበረዶው ውፍረት። የሚኒሶታ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት ለስኖሞቢል ከ13 እስከ 18 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ጠንካራ በረዶ ያስፈልጋል ይላል፤ ለእግረኛ ይህን ያህል፣ ለመኪና ይህን ያህል ብሎ ሠንጠረዥ አውጥቷል። ከዚያ የኦንታሪዮ መንገዶች መጠቀሚያ ፈቃድ፣ ኢንሹራንስ፣ ፓስፖርት፣ ለድንበር ጠባቂዎች የሚቀርብበት ቦታ። ስልክ የማይሠራበት ጫካ ስላለ በሳተላይት መልእክት የሚልክ መሣሪያ። መጨረሻ ላይ ደግሞ በየቀኑ አንድ ሰዓትና አንድ ቦታ ተጽፏል፤ እዚያ ሰዓት ላይ እዚያ ቦታ ካልደረሱ ወደፊት መሄድ የለም፣ ይመለሳሉ። የዕቅዱ ቅጂ ቤት ለቀረችው ሚስቱ ተሰጥቷል።

ከሥሩ እንዲህ ብሎ ጻፈልኝ፦ «ወንድምዓለም፣ አንተም በዚሁ ዓይነት የአዲስ አበባ አምበሩን ጻፍልኝ። አይቼ ትኬት እቆርጣለሁ።»

የካቲት ላይ የአባቱ፣ የአጎቴ፣ ሙት ዓመት ነው። ቀብሩ ላይ አልነበረም። ሙት ዓመቱን ግን ቆሞ ማብላት፣ እናቱንም ማየት ይፈልጋል። ከሚኒሶታ አዲስ አበባ ድረስ ያለው ግማሽ ዓለም አላሳሰበውም። ያሳሰበው የቀረው ነው።

ርቀቱን ለመሙላት አልተቸገርኩም። ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አምበር ከዚያ ጥቂት ቀደም ብላ ትገኛለች። ሱሉልታ፣ ጫንጮ፣ ሙከ ጡሪ፣ ደብረ ጽጌ፣ ገብረ ጉራቻ፣ ጎሃ ጽዮን። ከዚያ በረሃው። ከጎሃ ጽዮን ደጀን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው፤ ግን በዚያች ርቀት ወደ 1400 ሜትር ቁልቁል ተወርዶ ያንኑ ያህል ይወጣል። ዓባይ ላይ በጃፓን መንግሥት እርዳታ የተሠራው 303 ሜትር ርዝመት ያለው የሕዳሴ ድልድይ አለ። ከደጀን ወዲያ የትኖራ፣ ሉማሜ፣ አምበር።

ድሮ፣ ድሮ ስል ከጥቂት ዓመታት በፊት ማለቴ ነው፣ የዚህ መንገድ ዕቅድ አንድ መስመር ነበር፤ ሌሊት ተነስ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ አውቶቡስ ይነሳል፣ ለምሳ አምበር ትደርሳለህ። የሚያስፈራው ነገር የታወቀ ነው። ቁልቁለቱ ላይ የሚሸት ፍሬን፣ ክረምት ላይ የሚሰነጠቅ አስፋልት፣ አንዳንዴም ናዳ። ዝንጀሮዎቹ ዳር ዳር ተቀምጠው ያዩሃል። ሙቀቱ ሲያይል ጋቢህን ታወልቃለህ፣ ደጀን ስትወጣ መልሰህ ትለብሳለህ። እናቶች የሚመክሩት «ከሹፌሩ ኋላ እንዳትቀመጥ» ብቻ ነበር። ለምን እንደሆነ ዛሬም አልገባኝም።

ወደ ነዳጁ ስሄድ መቸገር ጀመርኩ። የእሱ ዕቅድ ማደያ በስም ይጠራል። የእኔ ደግሞ «ከአዲስ አበባ ሞልቶ የሚመለስበትንም ይዞ መውጣት» ከማለት ሌላ የሚጻፍ የለውም፤ ማዶ ላይ ቤንዚን ካለም በሃይላንድ ነው የሚገኘው፣ ዋጋውም የሻጩ ነው።

ድንበር የሚለው ጋ ስደርስ ቆምኩ። እሱ የሚሻገረው የሁለት ሉዓላዊ አገሮችን ድንበር ነው፤ አንድ መስመር አልፈጀበትም። እኔ የማልፈው ከአንድ ክልል ወደ ሌላ ክልል ነው፤ አንድ ገጽም አይበቃኝም። በ2015 ዓ.ም. ከአማራ ክልል የመጡ መንገደኞች አዲስ አበባ እንዳይገቡ ከየኬላው ሲመለሱ የነበሩበትን ወራት ታስታውሳላችሁ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ የሞባይል ኢንተርኔትም ተቋረጠ። ሰኔ 2016 ዓ.ም. ላይ ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ወደ ቤታቸው ይመለሱ የነበሩ ተማሪዎችን ጨምሮ ከ100 በላይ መንገደኞች በዚሁ መንገድ ገብረ ጉራቻ አካባቢ ታገቱ። በተማሪ ቤት የተጠየቀው ቤዛ ስንት በሬ፣ ስንት ጥማድ መሬት እንደሸጠ የሚያውቅ ያውቃል። ከድልድዩ ወዲያ ደግሞ ሌላ ነገር አለ፤ የፋኖ ታጣቂዎች መንገድ ተዘግቷል ሲሉ ይዘጋል፣ ሠራዊቱ ሲንቀሳቀስ ይዘጋል፣ ማን እንደዘጋው ሳይታወቅም ይዘጋል።

የመመለሻ ነጥብ የሚለውን ደግሞ ባዶ ተውኩት። የት ላይ ነው የምትመለሰው? በረሃው ውስጥ አውቶቡስ ማዞር አይታሰብም። ከጎሃ ጽዮን እንመለስ ቢባል የሚያሰጋው ስፍራ ከኋላ ቀርቷል፤ ተመልሶ ሊታለፍበት ነው።

አሁን ሁላችንም የምንጠቀምበት ዕቅድ ስልክ ነው። እኔ አንድ ሹፌር፣ ሉማሜ አንድ መምህር፣ ደጀን አንድ የንስሐ አባት አሉኝ። ሦስቱም ጋ እደውላለሁ። በቀጥታ አንነጋገርም። «ሰማዩ እንዴት ነው?» እላለሁ። «ደመና አለ» ካሉኝ እቀራለሁ። «ጠርቷል» ካሉኝ ደግሞ ለዛሬ ብቻ መሆኑን አውቃለሁ። አንድ ቀን ክረምት ላይ ሰማዩን ጠይቄ የንስሐ አባታችን የእውነቱን ዝናብ ነገሩኝ፤ ሁለታችንም ሳንግባባ ስልኩ ተዘጋ።

ሽማግሌዎች ሲያወሩ እንደሰማነው በሲራራ ነጋዴ ዘመን ወደ ዓባይ የሚወርድ ሰው ብቻውን አይወርድም ነበር። ከአፋፉ ላይ ሰፍሮ ሌሎች እስኪመጡ ይጠብቃል፤ ሲበዙ፣ መሣሪያ የያዘም ሲገኝ አብረው ይወርዳሉ። ሽፍታውም ወባውም አዞውም እዚያው ነበርና። መንገድ ተሠራ፣ ድልድይ ተዘረጋ፣ ሰው ይህንን ረሳ። ዘንድሮ ሹፌሩ ምን አለኝ? «ጎሃ ጽዮን ደርሰን መኪና እስኪጠራቀም እንቆማለን።» ድልድዩ አለ፣ አስፋልቱ አለ፣ እኛ ግን ተመልሰን ሲራራ ሆነናል።

ለልጁ ያየሁትን ሁሉ እንዳለ ጽፌ ላክሁለት። እናቱንም አነጋገርኳት። «እባክህ እንዳይመጣ በልልኝ፤ አንድ ሐዘን ይበቃኛል» አለችኝ። በአውሮፕላን ባሕር ዳር ገብቶ ከዚያ በመኪና ይምጣ ያሉም ዘመዶች አሉ። አስቡት፤ የአባቱን አገር በሰማይ አልፎ ሄዶ ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ ወደኋላ በምድር ሊመለስ ነው። ያም መንገድ ቢሆን የሚጠየቀው በዚያው በ«ሰማዩ እንዴት ነው» ነው።

ይህን ሁሉ የጻፍኩት አሜሪካ ሰላም ነው፣ እኛ ጦርነት ላይ ነን ለማለት አይደለም። ያንን ለመናገር ስኖሞቢል አያስፈልግም። እኔን የያዘኝ ሌላ ነገር ነው። የእሱም መንገድ ይገድላል። ሐይቅ ላይ የተጋገረ በረዶ ተሰብሮ ሰው ከነሞተሩ ይሰምጣል፤ በየክረምቱ የሚሰማ ነገር ነው። ያንን የውፍረት ሠንጠረዥ ያወጣው መሥሪያ ቤት ራሱ መቶ በመቶ አስተማማኝ በረዶ የለም ብሎ ይጽፋል። አያችሁ? አደጋውን አላጠፋም፤ ሊያጠፋም አይችልም። ግን የሚያውቀውን ይናገራል፣ የማያውቀውንም አላውቅም ይላል። ከዚያ በኋላ ልሂድ አልሂድ የሚለው የመንገደኛው ፈንታ ነው።

እዚያው ሚኒሶታ ውስጥ ኖርዝዌስት አንግል የምትባል ቁራሽ መሬት አለች። የአሜሪካ ናት፤ ግን በመኪና ለመድረስ በካናዳ በኩል መዞር ግድ ነው። በኮሮና ምክንያት ድንበሩ ሲዘጋ ነዋሪዎቿ ከገዛ አገራቸው ተቆረጡ፤ ኑሯቸው በዓሣ አጥማጅ እንግዳ ነበርና ገበያቸውም ቆመ። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ሐይቁ ሲጋገር በበረዶው ላይ፣ ካናዳን ሳይነካ፣ ብዙ ኪሎ ሜትር የሚሄድ መንገድ ጠርገው አወጡ። ይህን ማድረግ የቻሉት መንገዱ መዘጋቱ በይፋ የተነገረ፣ ቀን የተቆረጠለት ነገር ስለሆነ ነው። የተዘጋ መንገድ ካወቅህ ሌላ ትፈልጋለህ። የእኛ ግን በመግለጫ ሁልጊዜ ክፍት ነው፤ በስልክ ነው የሚዘጋው።

እንግዲህ የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። የትራንስፖርት መሥሪያ ቤቶቹ፣ የሁለቱም ክልሎች፣ በየጠዋቱ አንድ አጭር ማስታወቂያ ያውጡ። ጎሃ ጽዮን ደጀን ዛሬ እየተሄደበት ነው፣ አይደለም፣ ወይም አልታወቀም። ደጀን ደብረ ማርቆስ እንዲሁ። በሬዲዮ ይነገር፣ መናኸሪያ በር ላይ ይለጠፍ። ሦስተኛው መልስ፣ አልታወቀም የሚለው፣ ከሁሉም ይበልጣል። ሁልጊዜ ሰላም ነው የሚል ማስታወቂያማ ከሚወጣ ባይወጣ ይሻላል፤ አምኖ የሚሳፈር ይኖራልና።

ለታጣቂ መረጃ መስጠት ነው የሚሉ አሉ። መንገዱን የዘጋው ታጣቂ መዘጋቱን ያውቃል። የሚሸምቀውም መኪና እየተንቀሳቀሰ መሆኑን ያውቃል። የማያውቀው ከአውቶቡስ ተራ ልጇን አዝላ የምትሳፈረው ሴት ናት። ሌላው ደግሞ መንግሥት መንገድ መቆጣጠር እንዳቃተው ማመን ይሆንበታል ይላል። ይሁንበት። ናዳ ሲወርድ ተዘግቷል ተብሎ ይነገራል፤ ማንም ተራራውን መግዛት አቃታችሁ ብሎ አልሳቀም።

ይህ የእኛ ቤት የሙት ዓመት ጉዳይ ብቻ የሚመስለው ካለ አምበር ወርዶ ይይ፤ ማለት ሲችል። ከተማዋ በመንገዱ ዳር የቆመች ናት። የምሥራቅ ጎጃም ጤፍ ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው በዚያው ነው። ጭነት መኪና ሲቀር ገበሬው እህሉን ይዞ ይቀመጣል፤ አዲስ አበባ ያለው ሸማች ዋጋው ለምን እንደወጣ ይደነቃል። አውቶቡስ ሲቆም ወርደን ቆሎና ዳቦ የምንገዛቸው ሴቶች አሁን ምን እየሸጡ እንደሚውሉ ጠየቅሁ። መምህሩ «ጠዋት ጠዋት ወጥተው መንገዱን ያያሉ፤ ጡሩምባ ከሰሙ እሳት ያነዳሉ፣ ካልሰሙ ይገባሉ» አለኝ። እነሱም የሚነግራቸው የለም።