የአስታማሚዋ ውዝፍ

በሐምሌ ወር 2010 ዓ.ም. ደባርቅ ከተማ፣ በአንድ ባንክ መስኮት ፊት ከእናቴ ኋላ ቆሜ ነበር። ዝናቡ ከሌሊት ጀምሮ አላባራም። እናቴ የአባቴን የውክልና ወረቀት በፌስታል ጠቅልላ በጋቢዋ ሥር ይዛለች። ገንዘብ ከፋዩ ወጣት ወረቀቱን ገላልጦ አየና፣ «እናቴ፣ እርስዎ ለባለመብቱ ምናቸው ነዎት?» ሲል ጠየቃት። «ባለቤቱ ነኝ» አለች። «እንግዲያው ‹ተወካይ› ከሚለው ፊት ለፊት ይፈርሙ» አላት። ፈረመች። 30,456 ብር ተቆጥሮ ተሰጣት። የስድስት ዓመት ደጅ ጥናት በአንዲት ፊርማ ተዘጋ።

ውድ አንባብያን፣ ጉዳዩ የአንድ ቤት ገመና ብቻ ቢሆን ኖሮ ወደ አደባባይ ባላወጣሁት ነበር።

አባቴ የአንድ መንግሥት መሥሪያ ቤት ሾፌር ነበር። በኅዳር 2004 ዓ.ም. ለሥራ ወደ ዛሪማ ሲወርድ ሊማሊሞ ላይ ጉም ጣለበትና መኪናው ተገለበጠ። በጣሊያን ወረራ ዘመን ከገደል ተጠርቦ የወጣውን ያን ጠመዝማዛ መንገድ የሚያውቅ ሰው ቀሪውን መገመት አይቸግረውም። የአባቴ ነፍስ ተረፈች፤ ከወገቡ በታች ያለው አካሉ ግን ዳግመኛ አልታዘዘለትም። 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ጎንደር ላይ የሐኪሞች ቦርድ ፊት ቀረበ፤ ቦርዱም ለዘለቄታው ሥራ መሥራት እንደማይችል ወሰነ። የሕመም ፈቃዱ አልቆ ደመወዙ የተቋረጠው በሰኔ 2004 መጨረሻ ነው።

ከዚያ ወዲያ የነበረው ታሪክ የአንዲት ዓረፍተ ነገር ታሪክ ነው፦ «ማኅደሩ ተልኳል፤ ጠብቁ።» እናቴ በየሁለትና በየሦስት ወሩ ትሄዳለች፤ ይህንኑ ሰምታ ትመለሳለች። እኔ ከአዲስ አበባ ለፋሲካ ስገባ ነበር መዝገብ ቤት ሄጄ «የወጪ ደብዳቤውን ቁጥር ስጡኝ» ያልኩት። ቁጥር የለም። ደብዳቤ ወጪ አልሆነም። የአባቴ ማኅደር ስድስት ዓመት ሙሉ ከመዝገብ ቤቱ ቁም ሣጥን አልወጣም ነበር።

በወቅቱ ይሠራበት የነበረው የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 714/2003፣ በሥራ ላይ ጉዳት ደርሶበት ሥራ መሥራት ለማይችል ሠራተኛ ከጉዳቱ በፊት በነበረው ወር ያገኝ ከነበረው ደመወዝ 47 በመቶውን የጉዳት ጡረታ አበል አድርጎ ይሰጣል። አባቴ 1,800 ብር ይከፈለው ስለነበር ድርሻው በወር 846 ብር ነበር። ይሁን እንጂ ይኸው አዋጅ በወቅቱ ያልተጠየቀ ውዝፍ አበል ከሦስት ዓመት በኋላ በይርጋ ይታገዳል ይላል። ስለዚህ ከ72ቱ ወራት 36ቱ ተከፈሉን፤ 36ቱ ቀሩ። የተቀበልነውና ያጣነው እኩል 30,456 ብር ነው።

ይርጋ ለምን እንዳስፈለገ አይጠፋኝም። የጡረታ ፈንድ ከሠላሳ ዓመት በፊት የነበረን ጥያቄ ሁሉ እየቆፈረ ሊከፍል አይችልም፤ ማስረጃ ይጠፋል፣ ምስክር ይሞታል። ነገር ግን ይርጋ የሚቀጣው መብቱን ይዞ የተኛን ሰው ነው ሲባል እንሰማለን። እናቴ መቼ ተኛች? በየጊዜው የሄደችው በእግሯ ነው፤ የጠየቀችውም በአፏ ነው። በአፍ የተጠየቀ ግን መዝገብ ላይ አይሰፍርም፤ መዝገብ ላይ ያልሰፈረም አልተጠየቀም። የተኛው ማኅደሩ ነበር፤ የተቀጣው ግን ባለማኅደሩ ሆነ።

ይህም ሆኖ ስለ አባቴ ውዝፍ ቢያንስ ሒሳብ አለ። ስለ እናቴ ውዝፍስ?

እናቴ ቡይት ራስ ላይ ከአባቷ የወረሰችው የገብስ ማሳ ነበራት። ከአደጋው በፊት ክረምቱን እዚያው ከወንድሟ ጋር እየዋለች ታሳርስ፣ ታርም ነበር። ከ2004 ወዲህ ለእኩል ሰጠችው፤ ምርቱ በግማሽ ቀነሰ። ሰው ከወገቡ በታች ሲደነዝዝ ሌሊትም ቢሆን በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ ያስፈልጋል፤ አለዚያ ገላው ይቆስላል፣ ቁስሉም ይገድላል። በደባርቅ ብርድ ሌሊት እየተነሳች ውኃ ታሞቃለች፣ ታጥባለች፣ ታገላብጣለች። በእነዚያ ዓመታት ከቤት ርቃ ያደረችበትን ሌሊት አላስታውስም። ሐኪሞቹ «ገላው አለመቁሰሉ ይገርማል» ይሉ ነበር። ማንም «ማን አገላበጠው?» ብሎ አልጠየቀም።

አዋጁን ደጋግሜ አነበብኩት። የአገልግሎት ጡረታ አለ፣ የጤና ጉድለት ጡረታ አለ፣ የጉዳት ጡረታ አለ፣ የተተኪዎች ጡረታ አለ። አስታማሚ የሚባል ሰው ግን የለም። ሚስት በሕጉ ውስጥ ገንዘብ የሚታሰብላት ባሏ ሲሞት ነው፤ ያን ጊዜ የአበሉ 50 በመቶ ይሰጣታል። በ2014 ዓ.ም. አዋጁ በአዋጅ ቁጥር 1267 ተተካ፤ ለአስታማሚ የሚከፈል አበል ግን ዛሬም በጡረታ ሥርዓታችን ውስጥ የለም።

«ሚስት ባሏን ማስታመሟ ምን አበል ያሻዋል?» የሚል አይጠፋም። ይህ አስተሳሰብ የእኛ ብቻ አይደለም። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1976 ሥራ ትተው ለሚያስታምሙ ሰዎች አበል ሲጀምሩ፣ ባል ያላቸውን ሴቶች «ድሮስ ቤት አይደሉ?» በሚል ስሌት አግልለው ነበር። ጃክሊን ድሬክ የምትባል ባለትዳር ሴት ሥራዋን ትታ እናቷን ስታስታምም አበሉን ተከለከለች። ተከራከረች፤ ጉዳዩ እስከ አውሮፓ ማኅበረሰብ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ እ.ኤ.አ. በሰኔ 1986 ረታች። አበሉም ለባለትዳር ሴቶች ወደ ኋላ ተቆጥሮ ከታኅሣሥ 1984 ጀምሮ እንዲከፈል ተደረገ። የአስታማሚ ውዝፍ ማለት ይህ ነው።

«እኛ ደሃ ነን» ይባላል። እውነት ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት አካል ጉዳተኞችን የሚደግፈው አቅሙ በፈቀደ መጠን ነው ይላል። ይሁን እንጂ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቅነው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 28 በድህነት ለሚኖሩ አካል ጉዳተኞች ቤተሰቦችም የገንዘብ እርዳታና ለአስታማሚው የእረፍት ጊዜ የሚሰጥ አገልግሎት እንዲኖር ያዛል። አበሉ ነገ ይከፈል አላልኩም። ግን መቁጠር ስንት ብር ያስወጣል? በሐኪሞች ቦርድ ቅጽ ላይ «የሚያስታምመው ማን ነው?» የሚል አንድ መስመር መጨመርስ? በአፍ ለተጠየቀ ጥያቄ ቀንና ቁጥር ያለው ደረሰኝ መስጠትስ?

አባቴ ደመወዝተኛ ስለነበር ቢያንስ የሚሟገትበት አዋጅ ነበረው። በነሐሴ 2013 በዳባት ወረዳ ጭና ከደረሰው እልቂት ቆስለው ለተረፉት ገበሬዎች ግን 47 በመቶ የሚሰላበት ደመወዝ የለም። የነሱም ጓዳ ውስጥ ሌሊት የምትነሳ ሴት አለች።

አባቴ በ2015 ዓ.ም. አረፈ። እናቴ ያቺን የባንክ መስኮት እንደገና አየቻት፤ በዚህ ጊዜ ግን የፈረመችው «ባለመብት» በሚለው ፊት ለፊት ነው። ከባንኩ ስንወጣ ብሩን በመሐረቧ እየቋጠረች እንዲህ አለችኝ፦ «ልጄ፣ ያኔ ስደክም ምንም አልሰጡኝም። አሁን ምን ሠርቼ ነው?»

እስካሁን አልመለስኩላትም። ቸር ይግጠመን።