በእጅ የያዙት ወርቅ

ወጣቶች ሆይ፤ ሰው አዲስ ሥራ ሲጀምር አስቀድሞ የሚያምረው የሥራው ዕቃ ነው። ነገር ግን ብዕሩ ስላማረ ደራሲ የሆነ እንደሌለ ሁሉ፣ የመቅረጫ መሣሪያው ስለበዛለት ሙዚቀኛ የሆነ የለም። ይህን ለተማሪዎቼ ስናገር ኖሬ በገዛ ቤቴ ሳልፈጽመው ቀረሁ። እንዴት እንደ ሆነ ላጫውታችሁ።

በ1974 ዓ.ም. መምህር ሆኜ በተቀጠርሁ ጊዜ ከደመወዜ እየቆጠብሁ አንድ አኮርዲዮን ገዛሁ። አጨዋወቱን የተማርሁት በልጅነቴ፣ በሚሲዮን ትምህርት ቤት መዝሙር ይመራልን ከነበረ መምህር ነው። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ጀሞ ባለው ኮንዶሚኒየም አብሮኝ የሚኖረው የእህቴ ልጅ ከእኔ ተማረ፤ ውሎ አድሮም በትዝታና በባቲ ቅኝት ከእኔ ይልቅ አሳምሮ ይጫወትበት ጀመር።

ይህ ልጅ ቤት ውስጥ ሙዚቃ ቀርጾ ለማቀናበር ተነሣ። ኮምፒዩተር ነበረው። አንድ ቀን ማታ «ጋሼ፣ የቀረኝ ሁለት ትልልቅ ድምፅ ማጉያና የስቱዲዮ ማይክሮፎን ነው፤ ገንዘቡ ግን አልሞላልኝም። አኮርዲዮኑን ብንሸጠውስ? ድምፁ እንደሆነ ኮምፒዩተሩ ውስጥ አለ» አለኝ። ልቤ እምቢ አለ፤ አፌ ግን «እሺ» አለ። ዘመኑ ያልገባው ሽማግሌ እንዳልባል ፈርቼ ነው። አኮርዲዮኑ ተሸጠ፤ አዲሱም ዕቃ ከመርካቶ መጣ።

ማይክሮፎኑ ኮንዴንሰር የሚባለው ዓይነት ነው። ይህ ዓይነት 48 ቮልት ኤሌክትሪክ እየተሰጠው የሚሠራ ሲሆን፣ ረቂቁን ድምፅ ሁሉ ስለሚሰማ ለጸጥተኛ ክፍል የሚስማማ ነው። የእኛ ክፍል ግን ግድግዳው ባዶ ሲሚንቶ ነው። ልጁ ሲዘፍን ድምፁ ከግድግዳ ወደ ግድግዳ እየነጠረ ተመለሰበት፤ የጎረቤት ቡና መውቀጫም፣ በደረጃው የሚሯሯጡት ሕፃናት ጩኸትም አብሮ ገባበት። ድምፅ ማጉያዎቹን ማታ ከሥራ መጥቶ ሲከፍታቸው ጎረቤት በር አንኳኳ። የኮምፒዩተሩ አኮርዲዮንም ድምፁ ያማረ ነበር፤ ነገር ግን ወናፉን የሚስብ ክንድ የለውምና ትዝታ ሲጫወቱበት አይተነፍስም። ልጁ ይህን ከእኔ በፊት ዐወቀው፤ ለብዙ ቀን ኮምፒዩተሩን ሳይከፍት ቀረ።

ከዚያ በኋላ አብረን ተቀምጠን፣ ከመግዛታችን በፊት ልናስበው ይገባን የነበረውን አሰብን። መጀመሪያ የሚሰናዳው ክፍሉ ነው። ጋቢና ብርድ ልብስ በግድግዳው ላይ ቢሰቀል፣ መጽሐፍ የሞላ መደርደሪያም ቢቆም የድምፁ መንጠር ይቀንሳል፤ ይህም ገንዘብ አያስወጣም። ሁለተኛው ጆሮን ግጥም አድርጎ የሚሸፍን ማዳመጫ ነው፤ ጎረቤት አይረብሽም፣ በሚቀርጹበትም ጊዜ ድምፁ አምልጦ ወደ ማይክሮፎኑ አይገባም። ሦስተኛው ዳይናሚክ የሚባለው ማይክሮፎን ነው፤ ወደ አፍ አስጠግተው ሲዘፍኑበት የሩቁን ጫጫታ እምብዛም አያጎላውም። አራተኛው የማይክሮፎኑን ድምፅ ወደ ቁጥር ለውጦ ለኮምፒዩተሩ የሚያቀብለው ሳጥን ነው። ለብቻው ለሚሠራ ሰው ሁለት መግቢያ ያለው ይበቃዋል፤ ትንሹም ሳጥን ቢሆን እንደ ሲዲ ሁሉ ድምፁን በአንድ ሰኮንድ 44,100 ጊዜ ይለካዋልና። የመቅረጫው ፕሮግራምም እንደ ኦዳሲቲ ያለ በነፃ የሚገኝ አለ። እኛ ያስቀደምነው ድምፅ ማጉያ የመጨረሻው መሆን ነበረበት።

እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን አስቡ። እ.ኤ.አ. ከ1977 እስከ 1985 ባሉት ዓመታት አዲስ አበባ ቤታቸው ውስጥ ፒያኖ እየመቱ ያዜሙትን የቀረጹት በካሴት ነበር። እሳቸው በ2023 ካረፉ በኋላ፣ በ2024 ይኸው ሥራ «ሱቨኒርስ» ተብሎ በሸክላ ወጣ። ከመስኮቱ ውጪ ያሉት ወፎች ሳይቀሩ ይሰሙበታል። እኔ ስሰማው ካሴቱን ረስቼ እሳቸውን ብቻ ሰማሁ። መቅረጫው ተራ ነበር፤ ጣታቸው ግን ከልጅነት ጀምሮ በሙዚቃ የሠለጠነ ነበር። እኛ መቅረጫውን ለመግዛት ስንል የሚቀረጸውን ሸጥን።

አኮርዲዮኑን መልሰን ለመግዛት ብንሄድ፣ የወሰደው ነጋዴ ለሌላ ሰው አሳልፎ ሸጦት አገኘነው። የት እንደ ደረሰም አላወቅንም። አሁን ልጁ ለድምፅ ማጉያዎቹ ገዢ እየፈለገ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከአንድ ወዳጄ አኮርዲዮን እየተዋሰ፣ ጋቢዬን በግድግዳው ላይ ሰቅሎ ይቀርጻል። እኔም እስኪጨርስ ድረስ ያለ ጋቢ ብርድ እየጠበሰኝ ጸጥ ብዬ እቀመጣለሁ፤ ላጠፋሁት ጥፋት ቅጣቱ ትንሽ ነው።

ስለዚህ ወጣቶች ሆይ፤ ዕቃ ለመግዛት ስትነሡ «ይህ የጎደለኝን ይሞላልኛል ወይስ ያለኝን ይወስድብኛል?» ብላችሁ ጠይቁ። ታላላቆቻችሁንም ስታማክሩ «እሺ» ያላችሁ ሁሉ መከራችሁ አይምሰላችሁ፤ እንደ እኔ ፈርቶ ይሆናልና። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ሲባል እሰማ ነበር፤ ምን ማለት እንደ ሆነ ግን የገባኝ እጄ ባዶ ከሆነ በኋላ ነው።