ከቀመሩ በፊት

ተማሪ ሆይ፤ በፊዚክስ ትምህርት ብዙዎችን ተስፋ ከሚያስቆርጡት ምዕራፎች አንዱ ስለ ግጭት የሚናገረው ነው። በማስተማር ባሳለፍኋቸው ዓመታት፣ በትጋታቸው የማይታሙ ልጆች «ፊዚክስ ለእኔ አልተፈጠረም» ብለው ደብተራቸውን ሲያጥፉ አይቻለሁ። ነገር ግን ምክንያቱ የአእምሮ ማነስ ነው ብዬ አላምንም። ጥያቄው የሚቀርበው በእንግሊዝኛ ስለሆነ፣ ተማሪው ከቃላቱ በስተጀርባ ያለውን ድርጊት ሳያይ ወደ ቀመር ይሮጣል። ስለዚህ ከማስላትህ በፊት ግጭቱን በምታስብበት ቋንቋ፣ በኦሮምኛም ሆነ በአማርኛ፣ ለራስህ ተርከው።

እስቲ ነገሩን በአጋርፋ እንመልከተው። በባሌ ደጋ እህል የሚጓጓዝበትን የፈረስ ጋሪ ታውቀዋለህ። ፈረሱ የተፈታለት፣ ሁለት ኩንታል ስንዴ የጫነና ከነጭነቱ 300 ኪሎ ግራም የሚመዝን ጋሪ፣ በሜዳ ላይ በሰከንድ 4 ሜትር እየተንከባለለ ሄዶ፣ የቆመውን ባለ 100 ኪሎ ግራም ባዶ ጋሪ ገጨው እንበል። ከዚያም ሁለቱ ተያይዘው ሄዱ። የመሬቱን ሰበቃ ለጊዜው ብንተወው፣ ፍጥነታቸው ስንት ይሆናል?

ቸኩሎ የሚሠራ ተማሪ «ጉልበት አይጠፋም» የሚለውን ሕግ ያስታውስና የፊተኛውን ጋሪ የእንቅስቃሴ ጉልበት፣ ማለትም 2400 ጁሉን፣ እንዳለ ለሁለቱ ይሰጣል። በሰከንድ 3.46 ሜትር ያህልም ያገኛል። ስሌቱ ንጹሕ ነው፤ መልሱ ግን ስሕተት ነው። ግጭቱን የሚተርክ ተማሪ ግን «እንጨቱ ተንቋቋ፤ ብረቱም ጎበጠ» ማለቱ አይቀርም። ይህን ሲል ከእንቅስቃሴው ጉልበት ከፊሉ ወደ ድምፅ፣ ወደ ሙቀትና ወደ ቅርጽ ለውጥ እንደሄደ ራሱ መሰከረ። ጉልበት በጠቅላላው አይጠፋም፤ መልኩን ግን ይለውጣል።

ሞመንተም፣ ይኸውም የመጠነ ቁስና የፍጥነት ብዜት፣ ከውጭ የሚገፋ ኃይል እስከሌለ ድረስ በማናቸውም ግጭት ይጠበቃል። አስቀድሞ 1200 ነበር፤ በኋላም 1200 ነው። ይህ ለ400 ኪሎ ግራም ሲካፈል ፍጥነቱ በሰከንድ 3 ሜትር ይሆናል። የእንቅስቃሴው ጉልበት 1800 ጁል ሲቀር፣ 600ው ጁል መልኩን ለውጧል። የመስተዋት ብይ ከብይ ጋር ተጋጭቶ ሲነጥር ግን የሚጎድለው ጥቂት ስለሆነ፣ በዚያ ጊዜ ሁለቱንም ሕጎች በአንድነት መጠቀም ይቻላል።

አቅጣጫንም አትዘንጋ። ፈላስፋው ዴካርት እ.ኤ.አ. በ1644 ባሳተመው መጽሐፍ የእንቅስቃሴን መጠን ያለ አቅጣጫ በመቁጠሩ፣ የግጭት ሕጎቹ ተፋልሰውበታል፤ ኋላም የሆላንዱ ሊቅ ሁይገንስ አርሞታል። እኩል ክብደትና እኩል ፍጥነት ያላቸው ሁለት ጋሪዎች ፊት ለፊት ቢጋጩ ጠቅላላ ሞመንተማቸው ዜሮ ነው፤ ከተያያዙም ባሉበት ይቆማሉ።

እንግዲህ በደብተርህ ላይ እንዲህ ብለህ ጻፍ፦ በፊት ምን ነበረ? በኋላ ምን ሆነ? የተጠበቀው የትኛው ነው? ቀመሩን የምታነሣው ከዚህ በኋላ ነው። ያን ጊዜ የእንግሊዝኛውን ጥያቄ ስታነብ ቃላቱን ብቻ ሳይሆን ጋሪዎቹንም ታያለህ።